ሌብል ከጀርባው ነው ሚጀመረው

ይሄ እቤታቸው በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ማር እያዘጋጁ አሽገው ለሚሸጡ ሰዎች የተናገርኩት ነው። ብዙ ሰው በጽሑፍ ስጠን ስላለኝ እንደተናገርኩት አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት፣ አንዳንድ ቦታ ብቻ አሳጥሬዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ የገበያ ቀን ነው፣ ስራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ስራዬ የሌብል ዲዛይን ነው፣ ማለትም እናንተ ስቲከር ምትሉት፣ የመንግስት ሰዎች ደግሞ ገላጭ ጽሑፍ የሚሉት ነገር። ሰው ወደኔ ሲመጣ ሁሌ መጀመሪያ ሚለኝ አንድ ነገር ነው፣ "በቃ እንዲያምር አድርገህ ስራልኝ"። እሺ እላለሁ። ከዛ የመሶብ ፎቶ ይመጣል፣ የጀበና ፎቶ ይመጣል፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይገባል፣ ዙሪያውን ሐረግ ይዞርበታል፣ ስሙ በወርቃማ ቀለም በጥላ በጥላ ይጻፋል፣ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፣ ከዛ ፋይሉ አልቆ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል "ውይ ክብደቱን ረሳነው"፣ "ውይ የሚያበቃበት ቀን የት ይግባ"፣ "ውይ ባርኮዱ" ይባላል። ያኔ የቀረ ጥግ ተፈልጎ፣ ሰው ሊያነበው ሚገባው ነገር ሁሉ በ4 ፖይንት፣ ማለትም በጣም ደቃቅ በሆነ የፊደል መጠን፣ ይጠቀጠቃል።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያየሁት ነገር ከአይኔ አልጠፋም። አንዲት እናት የሽሮ ፓኬት አንስተው እጃቸውን ዘርግተው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ መጨረሻ ላይ ለሻጯ ልጅ ሰጧትና "ልጄ እስኪ ይሄ ቅቤ አለበት ይላል?" አሏት። ጾም ነበር። ልጅቷም ልታነበው አልቻለችም። እናትየው ፓኬቱን መለሱት፣ ከጆንያ የሚሰፈረውን ሽሮ ገዝተው ሄዱ። ፓኬቱ ላይ የነበረው የመሶብ ፎቶ በጣም ያምር ነበር። ግን የመሶብ ፎቶ ቅቤ አለው ወይስ የለውም አይልም እኮ።

ስለዚ ዛሬ ምነግራችሁ ነገር ይሄ ነው፣ ሌብል ከጀርባው ጀምሩ። ፎቶና ቀለም ሳታስቡ፣ ኮምፒውተር ሳትከፍቱ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ያቺ እናት ማወቅ ያለባትን ሁሉ ጻፉ። ከዛ ቁጠሩት። ያ ሁሉ ጽሑፍ በሚነበብ መጠን ስንት ቦታ እንደሚፈልግ ካወቃችሁ በኋላ የቀረው ቦታ የጌጥ ነው። ቦታ ካልቀረ ጌጡ ይቀራል እንጂ ጽሑፉ አያንስም።

ምን ይጻፍ ለሚለው አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ኮዴክስ የሚባለው የአለም የምግብ ደረጃ የታሸገ ምግብ ገላጭ ጽሑፍን በተመለከተ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ መመሪያ አለው፣ የብዙ አገር ህግም ከሱ ብዙ አይርቅም። የምግቡ ስም፣ ከምን ከምን እንደተሰራ፣ የተጣራ ክብደቱ፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የተመረተበት አገር፣ የምርት ባች ቁጥር ማለትም በየትኛው ዙር እንደተመረተ፣ ቀኑ፣ አቀማመጡ፣ አጠቃቀሙ። እኛ አገር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምን ይጠይቃል ሚለውን ደግሞ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ከማሳተማችሁ በፊት፣ ካሳተማችሁ በኋላ አይደለም።

ከምን እንደተሰራ ሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ዝም ብሎ እንደመጣላችሁ አይደረደርም፣ ከብዙው ወደ ትንሹ ነው፣ ስትሰሩ በገባው ክብደት። በርበሬ ከሆነ መጀመሪያ በርበሬ፣ ከዛ ምናልባት ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ እያለ ይወርዳል። ጨዉ ሁለተኛ ከሆነ ሁለተኛ ይጻፋል፣ መጨረሻ ላይ መደበቅ የለም፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው እዛች መስመር ላይ ነው ሚያያችሁ። "ልዩ ልዩ ቅመማ ቅመም" ብሎ ማለፍም ጥሩ አይደለም። የሙያችሁን ሚስጥር ልኬቱ ውስጥ ደብቁት፣ ስሞቹን ግን ጻፉ።

ወደ ውጭ ለምትልኩ ደግሞ፣ እዚህ ውስጥ ዋሽንግተን አካባቢ ላሉ የሀበሻ ሱቆች ምትልኩ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ የአለርጂ ነገር በጣም በጣም ከባድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስማቸው ግዴታ መጻፍ ያለባቸው 8 ነገሮች ነበሩ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አሳ፣ ሽሪምፕና ዘመዶቹ፣ እንደ አልመንድና ካሹ ያሉት የዛፍ ፍሬዎች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር። ከጥር 1 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘጠነኛ ሆኖ የገባው ማን መሰላችሁ፣ የኛው ሰሊጥ። አውሮፓ ደግሞ ዝርዝሩ 14 ነው፣ እዛ ውስጥ ሰሊጥ ብቻ ሳይሆን ሰናፍጭም አለ፣ ግብጦም አለ። አዎ ግብጦ! ግብጦ የኦቾሎኒ ዘመድ ስለሆነ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ይችላል። ገብስ አሜሪካ ከዘጠኙ ውስጥ የለም፣ አውሮፓ ግን ግሉተን ከሚባለው ፕሮቲን ካላቸው፣ እንደ ስንዴ ካሉ እህሎች ጋር ይገባል፣ ስለዚ ያው አንድ በሶ ሁለት አገር ሁለት አይነት ሌብል ሊፈልግ ነው። አውሮፓ ውስጥ እነዚህ ስሞች ዝርዝሩ ውስጥ ደመቅ ብለው መታየት አለባቸው፣ ለምሳሌ በቦልድ፣ ይሄ ደግሞ በቀጥታ የዲዛይን ስራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ለውዝ ሚለው ቃል። እኛ ሰፈር ለውዝ ስንል ኦቾሎኒ ነው፣ ሌላው ሰው ለውዝ ሲል አልመንድ ይመስለዋል። በአለርጂ ጉዳይ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ኦቾሎኒ ብላችሁ ጻፉ፣ ከጎኑ እንግሊዝኛውን ጨምሩ። የጤፍ ዱቄት ምትሸጡ ደግሞ፣ ጤፍ ግሉተን የለውም፣ እውነት ነው፣ ግን ጤፉ ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ከተፈጨ ዱቄቱ ውስጥ ስንዴ ገብቷል። አሜሪካ ውስጥ ግሉተን ፍሪ ብሎ ለመጻፍ ከአንድ ሚሊዮን ውስጥ ከ20 እጅ በታች መሆን አለበት። ሳታስመረምሩ ያንን ቃል ፊት ለፊት በትልቁ እንዳትጽፉት፣ አምኖ ሚበላው ግሉተን የሚያመው ሰው ነው።

የጾም ነገር ከላይ ካልኩት ጋር ይሄዳል። ህግ አስገድዶን አይደለም፣ ግን የኛ ገዢ በአመት ውስጥ ስንቱን ቀን ነው ሚጾመው? "የጾም" ሚለው ቃል ፊት ለፊት፣ ከምርቱ ስም ስር ይግባ። ቅቤ ካለውም "ቅቤ ያለው" ተብሎ በግልጽ።

እሺ አሁን ወደ ፊቱ እንምጣ። ፊቱ ላይ ሶስት ነገር በቂ ነው፣ ምንድነው፣ የማነው፣ ክብደቱ ስንት ነው። ብዙ ሰው የድርጅቱን ስም ትልቅ፣ "ሽሮ" ሚለውን ትንሽ ያደርገዋል። ኮካ ኮላ ብትሆኑ ጥሩ ነበር፣ ስማችሁን አይቶ ውስጡ ያለውን ያውቃል፣ እናንተን ግን ገና ማንም አያውቃችሁም፣ መደርደሪያው ላይ ሰው ሚፈልገው ሽሮ ነው። ሽሮውን ትልቅ አድርጉት፣ ከወደዱት ስማችሁን ራሳቸው ይፈልጉታል።

ትልቅ ማድረግ ብቻ ግን አይደለም መንገዱ። የብራና መጽሐፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጸሐፊው መጀመሪያ ብራናውን በወስፌ ወጋ ወጋ አድርጎ መስመር ያሰምርበታል፣ ዙሪያውን ሰፊ ህዳግ ይተዋል፣ ከዛ በጥቁር ቀለም ይጽፋል፣ አርዕስቱንና የቅዱሳኑን ስም ብቻ በቀይ ይጽፋል። መጠኑ ያው ነው፣ ቀለሙ ብቻ ነው የተለወጠው፣ ግን አይናችሁ ቀጥታ ወደዛ ይሄዳል። ለምን? ሌላው ሁሉ ዝም ስላለ። እኔ ሌይአውት የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው፣ ግን የገባኝ ብራና ፊት ቆሜ ነው። ሐረጉ እንኳን ያለው ምዕራፍ ሲጀመር ከላይ ነው፣ ገጹን ሁሉ አይሞላም። እኛ ነን ሐረጉን አራቱም ጥግ ላይ ምንጠመጥመው። ባዶ ቦታ የከፈልንበት ወረቀት ባከነ ማለት አይደለም፣ ጽሑፉ ሚተነፍስበት ነው።

የፊደል ጉዳይ። ይሄ ሚቆጨኝ ነገር ነው፣ የምንሰራበት ፕሮግራም ሁሉ ለላቲን ፊደል የተሰራ ስለሆነ ሳናስበው የነሱን መጠን እንወስዳለን። የነሱ ፊደል በጣም ሲያንስም ቅርጹ ብዙ አይጠፋም። የኛ ግን ልዩነቱ ያለው ትንሿ ቅጥል ላይ ነው፣ ለ እና ሉ እና ሊ፣ ረ እና ሬ፣ ቀ እና ቁ እና ቂ። የሬ ቀለበት በ4 ፖይንት ሲታተም ቀለሙ ይሞላትና ነጥብ ትሆናለች፣ ቀይ ላይ በነጭ ከተጻፈ ደግሞ ጭራሽ ትደፈናለች። የአውሮፓ ህግ ትንሿ የላቲን ኤክስ ከ1.2 ሚሊሜትር በታች እንዳትሆን ይላል፣ ትልቁ ገጹ ከ80 ካሬ ሴንቲሜትር በታች የሆነ ፓኬት ከሆነ 0.9 ይፈቅዳል። ያ ለነሱ ፊደል ነው። እኔ ለግዕዝ ፊደል ከ2 ሚሊሜትር ቁመት በታች አልወርድም፣ ይሄ የራሴ ደንብ ነው፣ ከብዙ የተበላሸ ህትመት በኋላ የመጣ። ጌጥ ያለው ፎንት ለስሙ ብቻ፣ ለዝርዝሩ ቀጥ ያለና ወፍራምም ቀጭንም ያልሆነ፣ እንደ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ያለ ይበቃል።

ፎንት ካነሳን፣ ድሮ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ይዛችሁ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ እዛ ያለው ኮምፒውተር ፎንቱ ከሌለው ጽሑፉ የላቲን ምልክት ትርምስ ይሆናል፣ ምክንያቱም ያ ፎንት ፊደሉን በእንግሊዝኛው ቦታ ላይ ነው ያስቀመጠው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬ በሱ ጻፉ። ያም ሆኖ ፎንቱ እዛ ከሌለ ሌላ ፎንት ይተካበትና መስመሩ ይዛነፋል፣ ስለዚ ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን ከርቭ አድርጉት፣ ከርቭ ከማድረጋችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ሰው ያንብበው ምክንያቱም ከዛ በኋላ ፊደል መሆኑ ቀርቶ ስዕል ነው ማረም አይቻልም፣ ያልተቀየረውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ። በኤአይ የተሰራ ምስል ላይ ያለውን አማርኛ ደግሞ አትመኑ፣ ብዙ ጊዜ ፊደል ሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ነው።

አሁን ባርኮድ። ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የተነበበው ሰኔ 1974 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ ነው፣ አንድ ማስቲካ ላይ፣ እስከዛሬ ሚነበብበት ሀሳብ ያው ነው፣ ጥቁሩና ነጩ መስመር ብርሃን ሲያርፍበት ሚመልሰው መጠን ይለያያል። እዚህ ላይ የኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ለአንድ የበርበሬ አምራች ሌብል ስሰራ ሁሉም ነገር በአንድ ቀለም ይሁን ተባባልን፣ ያምራል፣ ለህትመትም ይረክሳል፣ እና ባርኮዱንም በዛው በደማቅ ቀይ አደረግኩት። 3,000 ታተመ። ሱፐርማርኬቱ ካሸር ላይ ሲደርስ ማሽኑ ዝም። ሌላ ማሽን፣ ዝም። እቃው ተመለሰ። ነገሩ ምንድነው፣ የካሸሩ ማንበቢያ ሚያበራው ቀይ ብርሃን ነው፣ ቀይ ቀለም ደግሞ ቀይ ብርሃንን እንደ ነጭ ወረቀት ይመልሰዋል፣ ስለዚ ለማሽኑ መስመሩ የለም፣ ባዶ ወረቀት ነው ሚያየው። ኪሳራውን ከሰውዬው ጋር ተካፈልነው፣ እሱ ግን የበዓል ገበያውን አጣ፣ ያንን ልመልስለት አልቻልኩም። ለዛ ነው ዛሬ እዚህ ቆሜ ምነግራችሁ። መስመሩ ጥቁር ይሁን፣ ካልሆነ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ። ከመስመሩ ስር ያለው ቀለም ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ እንኳን ቢሆን ይነበባል። ገልብጦ ነጭ መስመር በጥቁር ላይ ማድረግ አይቻልም።

መጠኑ ደግሞ፣ ባለ 13 አሃዙ ባርኮድ ሙሉ መጠኑ 37.29 በ25.93 ሚሊሜትር ነው፣ እስከ 80 ፐርሰንት ድረስ ማሳነስ ይቻላል፣ ማለትም 30 በ21 አካባቢ፣ ከዛ በታች ቦታ የለኝም ብላችሁ አትጭመቁት። ግራና ቀኙ ያለው ባዶ ነጭ ቦታም የባርኮዱ አካል ነው፣ በሙሉ መጠኑ በግራ 3.6 በቀኝ 2.3 ሚሊሜትር፣ እዛ ውስጥ ሐረግም ፍሬምም አይግባ። ቁጥሩን የባርኮድ ቁጥር ከሚሰጠው ጂኤስ ዋን ከሚባል ድርጅት ነው ምትወስዱት፣ ከሌላ እቃ ላይ አትቅዱ። የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቁጥሮች ቁጥሩን የሰጠው ድርጅት የየት አገር እንደሆነ ነው ሚያሳዩት እንጂ እቃው የት እንደተመረተ አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክብ ጠርሙስ ከሆነ፣ በተለይ ቀጭን ከሆነ፣ መስመሮቹ እንደ መሰላል ደረጃ ተጋድመው ይቀመጡ፣ ከቆሙ በኩርባው ይሸሻሉ።

ክብ ነገር ካልን የማር ብልቃጥ። ስፋቱ 7 ሴንቲሜትር ከሆነ ዙሪያው በ3.14 ሲባዛ 22 ይሆናል፣ ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ላይ 22 ሴንቲሜትር ጠፍጣፋ ነገር እያየ "ንጹህ የተፈጥሮ ማር" ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጽፋል፣ ብልቃጡ ላይ ሲለጠፍ ግን ሰው ፊት ለፊት ሚያየው ሲሶውን ነው፣ "የተፈጥ" ብቻ ይታያል። ዋናው ነገር ሁሉ 7 ሴንቲሜትር ውስጥ ይግባ። ደግሞ ለምን ሙሉውን እንሸፍነዋለን? ማር ገዢ ማሩን ማየት ይፈልጋል፣ የትግራይ ነጭ ማር ከሆነ ነጭነቱ ራሱ ማስታወቂያ ነው። 17 ሴንቲሜትር ሌብል አድርጉና 5ቱን ክፍት ተዉት።

ስለህትመቱ ቶሎ ልለፍ፣ ይሄን ማተሚያ ቤቶቹ ይነግሯችኋል። ቀለሙን ከመቁረጫው መስመር 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አስረዝሙት፣ ጽሑፍ ግን ከመስመሩ 3 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ፎቶ 300 ዲፒአይ ይሁን፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ከቴሌግራም የወረደ ፎቶ አይሆንም። ስልክ ላይ ያያችሁት ሚያበራ አረንጓዴ በአራቱ የማተሚያ ቀለም አይወጣም፣ ሳምፕል ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ትንንሽ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ ከአራት ቀለም የተቀላቀለ ከሆነ ወረቀቱ ትንሽ ሲንሸራተት ጥላ ያወጣል። በርበሬና ቅቤ ላይ የወረቀት ስቲከር አታድርጉ፣ ዘይቱን ይጠጣና በወር ውስጥ ይበልዛል፣ የፕላስቲኩን ውሰዱ።

የቀን ነገር ግን በፍጥነት ማልፈው አይደለም። እኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 06/2018 ብለን እንጽፋለን፣ የካቲት ማለታችን ነው። ያ ፓኬት ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ሰው ሚያነበው ጁን 2018 ነው፣ ጊዜው ካለፈ አመታት የሆነው እቃ ይመስላል። ወሩም ተሳስቷል አመቱም ተሳስቷል። ጳጉሜን 13 ብላችሁ የጻፋችሁ እንደሆነማ እዛ አገር 13ኛ ወር የለም። ለውጭ ከሆነ በፈረንጆቹ አድርጉት፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በፊደል ጻፉት ምክንያቱም አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ አውሮፓዎች ቀኑን። ለአገር ውስጥ ከሆነም "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ሚለውን አትተዉ። ክብደቱንም አሜሪካ በግራም ብቻ አይደለም በአውንስም ትፈልጋለች፣ ቦታውም የፊቱ የታችኛው 30 ፐርሰንት ውስጥ ነው፣ 500 ግራም 17.6 አውንስ ነው፣ ስለዚ ፊቱን ስትከፋፍሉ ታችኛውን ሲሶ ገና ከመጀመሪያው ለዛ ያዙት።

መጨረሻ ላይ አንዲት እህት ጥሩ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር፣ "ቀኑን በማህተም ነው ምመታው፣ ግን ይጠፋብኛል" ብላ። ላሚኔሽኑ፣ ከላይ ሚለበጠው ስስ ፕላስቲክ፣ ነው ሚያጠፋው፣ ሚያብለጨልጭ ነገር ላይ የማህተም ቀለም አይደርቅም፣ ጣት ሲነካው ይሄዳል። ማተሚያ ቤቱን 3 በ1.5 ሴንቲሜትር ሚሆን ነጭ ቦታ ላሚኔሽን ሳይነካው እንዲተውልሽ ጠይቂ፣ ካልቻሉ ሙሉውን ማት፣ ማለትም ማያብለጨልጭ፣ ሆኖ እንዲታተም አድርጊና ማህተሙን ፕላስቲክ ላይ በሚደርቅ ቀለም ምቺ። ከዛ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ አልኳት፣ ለሁላችሁም ነው፣ ዲዛይኑን በትክክለኛው መጠን ተራ ኤፎር ወረቀት ላይ አትማችሁ፣ በመቀስ ቆርጣችሁ፣ ብልቃጡ ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ ለእናታችሁ ወይም ለጎረቤት ለአንዲት ትልቅ ሰው ስጧቸው፣ ኩሽና ውስጥ፣ በማታ መብራት። "እማማ፣ ይሄ ስንት ኪሎ ነው? ቅቤ አለው? መቼ ነው ሚያበቃው?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መነጽራቸውን ፍለጋ ከሄዱ ፋይሉን እንደገና ክፈቱት።